የ4 ዓመት ልጅ ይዘን ፍሎሪዳ ልንሄድ ነው፤ እንቅልፏን ምን ላድርገው?

እመ ሚጣ (ደብረ ብርሃን)፣ ሐምሌ 3

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አሜሪካ ነው የሚኖረው። ቪዛው ወጣ (እንዴት እንደወጣ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል)። ሐምሌ 18 ከቦሌ እንነሳለን፣ ሐምሌ 29 መመለሻችን ነው። ዋርሳዬ ደስ ብሎት ለሁላችንም ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከተማ ላለው ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ የ4 ቀን ትኬት ቆርጧል። በገባን በማግስቱ ይጀመራል፤ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታው ርችት፣ 4 ቀን በተከታታይ። ዕቅዱን በቴሌግራም ልኮልናል። የጦር ዘመቻ ነው የሚመስለው።

ልጄ 4 ዓመት ከ2 ወሯ ነው። ማታ 2 ሰዓት ትተኛለች፣ ንጋት 12 ሰዓት ትነሳለች። ቀን መተኛት ትታለች ማለት ይቻላል። እንቅልፍ ሲያልፋት ግን ሌላ ልጅ ናት። ለፋሲካ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አምሽተን ስንመለስ ከሸኖ እስከ ቤታችን አለቀሰች። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየን። ያ 130 ኪሎ ሜትር ነበር። ይሄኛው ከቤት እስከ ሆቴል ከአንድ ቀን በላይ ጉዞ ነው፣ የ7 ሰዓት የጊዜ ልዩነት ሲደመርበት።

ዋርሳዬን ማስቀየም አልፈልግም። ልጄንም ማንገላታት አልፈልግም። ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የቆላው ሰው (ሸዋ ሮቢት)፣ ሐምሌ 3

እንኳን ደስ ያላችሁ! በሐምሌ ፍሎሪዳ ሙቀቱ እኛ ጋ ያለው ዓይነት ነው፣ ላብ ተጨምሮበት። ቅዳሜ ጣርማ በርን ውረዱና እኛ ጋ ዋሉ። የምሬን ነው። የደጋ ልጅ ሹራቧን አውልቃ መዋል ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

እኔ ወንዱን ልጄን ይዤ ዱባይ ሄጃለሁ፣ ያኔ 5 ዓመቱ ነበር። ዱባይ ከእኛ 1 ሰዓት ብቻ ነው የምትቀድመው፤ ሰዓት ሲቀየር እንቅልፍ የሚያዛባው ጄት ላግ የሚባል ነገር የለም። ግን በረራችን እኩለ ሌሊት ላይ ስለነበር ሳይተኛ ነጋበት። እኔ ሞኙ ሻንጣ አስቀምጬ በቀጥታ መጫወቻ ፓርክ ወሰድኩት። መብራት፣ ጩኸት፣ ሙዚቃ። ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ እብድ ሮጠ። እኔም «አየሽ፣ ምንም አልሆነም» አልኳት እናቱን። ከዚያ በአይስክሬም ቀለም የተነሳ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሮዝ ፈልጎ ቢጫ ስለተሰጠው!

ሲደክመው ዝም ብሎ የሚተኛ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሲደክመው ይቀብጣል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ነው የሚፈነዳው። የሰዓት ልዩነት ሳይኖር እንኳ እንዲህ ነው።

ጣርማ በር፣ ሐምሌ 4

ይቅርታ ግን፣ የ4 ዓመት ልጅ ምኑን ታስታውሰዋለች? እንስሳ ከሆነ መንዝ ጓሳ ውሰዷት። ጭላዳ አለ፣ ዕድል ካላት ቀይ ቀበሮም ታያለች። ጄት ላግ የለ፣ ሰልፍ የለ።

ከመሐል ሜዳ እስከ ቨርጂኒያ፣ ሐምሌ 4

ጣርማ በር፣ ጓሳን እኔም እወዳለሁ፣ አገሬ ነው። ጉንፋን ሳይዛችሁ መመለሳችሁን ግን ማን ዋስ ይሆናል? በዚያ ላይ ትኬቱ ተቆርጧል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

እመ ሚጣ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ቨርጂኒያ ከከተምኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆቼን ይዤ ሦስት ጊዜ ኦርላንዶ ሄጃለሁ። አገር ቤትም ይዣቸው እመጣለሁ። ሁለቱንም መከራ አውቀዋለሁ።

ወረቀት አውጪና ሁለት ዓምድ ሥሪ። አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ፍሎሪዳ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ስል የፈረንጁ 9 ማለቴ ነው። ፍሎሪዳ በዚህ ወቅት ከእናንተ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ፓርኩ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲከፈት የሚጣ ሰውነት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ደህና ሰዓት ነው፣ ትጫወታለች። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ግን ደብረ ብርሃን ማታ 2 ሰዓት ሆኗል። አንቺ ሁልጊዜ የምታስተኛት ሰዓት! ያውም ፀሐይዋ አናት በምትበሳበትና ሰልፉ በሚረዝምበት ጊዜ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ርችት ሲተኮስ ደግሞ እናንተ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ዋርሳሽ ርችት አሳያታለሁ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከአልጋ አንስቼ ርችት አሳያታለሁ ማለቱ ነው። እሱ ግን ይህን አያውቅም። የእሱ ሰውነት እዚያው ነው ያለው።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ እናንተ ጋ ይነጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ ዓይኗን በልጥጣ ብትቀመጥ አትደንግጪ።

ሰውነት የሚያስተካክለው በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። 7 ሰዓት ማለት አንድ ሳምንት ነው እንግዲህ። እናንተ 11 ቀን ናችሁ። ልጅቷ አሜሪካን ለመድኩ ስትል ሻንጣ ታስራላችሁ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ላስተካክላት ብለሽ አትጨነቂ፤ ባላት ሰዓት ተጠቀሚበት። ጠዋቱ የእናንተ ነው። ሌላው ቤተሰብ ልጁን ለመቀስቀስ ሲታገል የአንቺ ልጅ ከነቃች 4 ሰዓት ሆኗታል። ከዲዝኒ ሆቴሎች በአንዱ ካረፋችሁ ደግሞ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ትገባላችሁ። ሰልፉ ሳይረዝም ግማሹን ጨርሳችሁ በ6 ሰዓት ተኩል ውጡ። ሆቴል፣ ጥቁር መጋረጃ፣ እንቅልፍ። በዛ ቢባል 2 ሰዓት ትተኛና ብታለቅስም ቀስቅሻት፤ ካልቀሰቀስሻት እስከ ማታ ትነጉድና ሌሊቱ ያልቅላችኋል።

ከዚያ ውጭ አውጫት። ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ሰውነቱን ማስመሸት አለበት፣ ለዚያ የአመሻሽ ብርሃን ይረዳል። በሐምሌ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው። የሆቴሉ መዋኛ ይበቃታል። ሌሊት ስትነቃ ደግሞ ብርሃን የለም፣ ስልክ የለም። ጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ ወሬ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሌሊት ይርባታል። ሆዷ ቁርስ ሰዓት ላይ ነው። አልጋው አጠገብ ዳቦ ቆሎና ውኃ አኑሪ። ስትገቡ ምግብ መያዛችሁን ለጉምሩክ ተናገሩ። ቋንጣ ግን እንዳትይዙ፣ ሥጋ አያስገቡም።

እመ ሚጣ (ደብረ ብርሃን)፣ ሐምሌ 4

ወረቀቱን ሠርቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «ርችቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው እንዴ?» አለ።

4ቱ ቀን በተከታታይ መሆኑን ምን ላድርገው? ጋሪስ ያስፈልጋል? ለ4 ዓመት ልጅ ጋሪ ማለት እኛ ሰፈር ያስቃል።

ከመሐል ሜዳ እስከ ቨርጂኒያ፣ ሐምሌ 5

ትኬቱን በደንብ እዩት። የዲዝኒ የ4 ቀን ትኬት ባብዛኛው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በ7 ቀን ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ከገባችሁ በሦስተኛው ቀን ጀምሩ፣ መሀል መሀል ላይ አንድ ቀን እረፍት አስገቡ። መጀመሪያ ቀኑንም መቀየር ይቻላል፤ እሱ ይጠይቅ።

ጋሪ? እዚያ የ6 ዓመት ልጅ በጋሪ ሲገፋ ታያለሽ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ማጂክ ኪንግደም (ከ4ቱ የዲዝኒ ፓርኮች አንዱ) ብቻውን ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ጋሪው ለመቀመጫ ብቻ አይደለም። ጥላ ያለው ቤቷ ነው፣ አልጋዋ ነው፣ ጓዛችሁ የሚንጠለጠልበት ነው። ፓርኩ ውስጥ ይከራያል፣ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ለእንቅልፍ አይመችም። የራሳችሁን ያዙ። ወርዱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የሚጎተተው የሠረገላ ዓይነት ከ2019 ጀምሮ አይገባም።

ሌሎች ጥቂት ነገሮች። ውኃና ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ብርጭቆ ዕቃ ብቻ አይሁን። 4ቱም ፓርኮች ውስጥ የሕፃናት እንክብካቤ ቦታ አለ። ስትበግንባችሁ ከጩኸቱ የምትሸሹበት ነው። እንደ ሕፃን ቤት አይደለም፣ ትታችኋት አትሄዱም። ቁመቷ ለማይፈቅድላት መጫወቻ ደግሞ «ራይደር ስዊች» የሚባል አለ። ባልሽና ወንድሙ ሲሳፈሩ አንቺ ከልጅቷ ጋር ትቀመጫለሽ፣ ሲመለሱ አንቺ ረጅሙን ሰልፍ እንደገና ሳትሰለፊ ትገቢያለሽ። ክፍያ የለውም። ሲደክማት በማጂክ ኪንግደም ዙሪያ የሚሄደው ባቡር ላይ ቁጭ በሉ።

በበጋቸው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ይበዛል። እናንተን የክረምት ሰዎችን ስለ ዝናብ ማን ያስተምራችኋል፤ ያ ሰዓት እንደ ሆነ የሆቴላችሁ ሰዓት ነው።

ነጭ ጋውን (ደብረ ብርሃን)፣ ሐምሌ 5

ነርስ ነኝ። ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የምጨምረው ስለ መድኃኒት ነው፤ ማንም ያላነሳው እሱን ነውና።

ሰዎች አውሮፕላን ላይ እንዲተኛ ብለው ለልጅ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ ይሰጣሉ። አታድርጉት። የእንቅልፍ መድኃኒት አይደለም፣ መጠኑን ማሳሳት ቀላል ነው፣ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያነቃዋል። 10 ሺህ ሜትር ላይ የሚዘል ልጅ አስቡት። ሜላቶኒን ደግሞ አሜሪካ እንደ ከረሜላ ሱቅ ላይ ይሸጣል። ዋርሳሽ ደግ ሰው ስለሚመስል ገዝቶ ሊመጣ ይችላል። የሕፃናት ሐኪም ሳያያት አይሰጣት።

በዚህ ዕድሜ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፣ የቀኑም ተቆጥሮ። ሌሊት 6 ሰዓት ብቻ ከተኛች የቀረውን ቀን ላይ ፈልጉላት። እንቅልፍ ተሰባብሮ ቢመጣም ይደመራል።

አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዋን ያማታል። ከረሜላ አትስጧት፣ ሊያንቃት ይችላል፤ ውኃ በቀሰም ትምጠጥ። ኦአርኤስ ሁለት ፓኬት ያዙ። የደጋ ልጅ ያንን ሙቀት ስለማታውቀው ውኃ ስጡኝ ሳትል ነው የምትደክመው። እየጠየቃችሁ ሳይሆን እየሰዓቱ አጠጧት።

ሲመለሱ ይብሳል። ወደ ምሥራቅ መምጣት ለሰውነት ይከብደዋል፤ ቀን ማስረዘም እንጂ ማሳጠር አይወድም። በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል ወደ ደብረ ብርሃን ከፍታ፣ ከ2800 ሜትር በላይ ትመለሳላችሁ። ከፍታም እንቅልፍ ይቆራርጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ቀጠሮ አትያዙ።

አያት ነኝ፣ ሐምሌ 6

ልጆቼ፣ ጋሪ ጋሪ ትላላችሁ። እኔ ስድስት ልጅ በአንቀልባ ነው ያሳደግኩት፣ ጀርባ ላይ ያለ ልጅ የት እንዳለ አይጠይቅም። አባትየው እሽኮኮ ያድርጋት። ደግሞ ፍልሰታ ሳይገባ መመለሳችሁ ጥሩ ነው። ልጅቷ ዘንድሮ እጾማለሁ ትል ይሆናል፣ ሰዓቱ ሳይስተካከልላት እሺ እንዳትሏት። ደህና ግቡ።

እመ ሚጣ (ደብረ ብርሃን)፣ ሐምሌ 6

እማማ አሜን። እውነትዎን ነው፣ እጾማለሁ ብላ ጀምራለች። ግን 16 ኪሎ ሆናለች፣ ጀርባዬ አይችላትም። ለእሽኮኮው አባቷ አለ።

የቀረኝ ዋርሳዬ ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው?

የቆላው ሰው (ሸዋ ሮቢት)፣ ሐምሌ 6

አንቺ አትንገሪው። ወንድሙ ይንገረው። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ይላክለት፣ ያለ ብዙ ንግግር። ርችቱን ደግሞ አትከልክሉት። «አንተና እኔ ማታ እንመለሳለን፣ እነሱ ይተኙ» ይበለው። ሰውየው ወንድሙን ስንት ዓመት ሳያይ ቆይቷል? የሚፈልገው አብሮ መዋልን ነው እንጂ ርችት አይመስለኝም።

ጠባሴ፣ ሐምሌ 7

ወሬውን እየተከታተልኩ ነው። እኛም ለገና የባለቤቴ እህት ጋ እንሄዳለን፣ መንታ ይዘን። ስትመለሺ እባክሽ ጻፊ።

እመ ሚጣ (ደብረ ብርሃን)፣ ነሐሴ 6

ቃሌን ጠብቄ መጣሁ። ረጅም ነው፣ ሌሊት ነው የምጽፈው፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታውቃላችሁ።

ወረቀቱን ባለቤቴ ላከለት። ዋርሳዬ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለ። እኔ ተቀየመ ብዬ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። በማግስቱ «ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ የልጆቼ ልደት ላይ እናቴን ለምን እንቅልፍ እንደሚወስዳት አሁን ገባኝ» ብሎ ጻፈ። ትኬቱን በሁለት ቀን ገፋው። አንድ ቀንም መሀል ላይ ለቀቀ።

ስንሄድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆመ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች በሙሉ ነዳጅ ከባድ ሆኖ መነሣት ያስቸግረዋል አሉን። ሚጣ ልክ እንቅልፍ ሲወስዳት መብራት በራ። ከዚያ በኋላ አልተኛችም። ዋሽንግተን ላይ ጋሪያችን ሌላ ሰው ሻንጣ ሥር ተቀብሮ 40 ደቂቃ ጠበቅነው፤ አባቷ እሽኮኮ አድርጓት። እማማ፣ ትንቢትዎ ደረሰ።

የመጀመሪያው ሌሊት እንደተባለው ሆነ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥታ ቁጭ አለች። «ነጋ» አለች። «አልነጋም» አልኩ። «ነግቷል፣ ፍርፍር ስጭኝ።» ዳቦ ቆሎውን በጨለማ እያቀበልኳት ስለ ጎረቤታችን በግ አወራን። አንድ ሰዓት ተኩል ስለ በግ! ከዚያ ተኛች። መብራት አለማብራታችን ረድቷል ብዬ አምናለሁ። በሁለተኛው ሌሊት አባቷ ተረኛ ነበር፤ ስልክ ከፈተላት። እስከ ንጋት ነቁ። ለሁለቱም አላዘንኩም።

የመጀመሪያው የፓርክ ቀን ደግሞ ያስቃል። ዋርሳዬ በግሩፕ «8:30 ሎቢ እንገናኝ» ብሎ ጻፈ። ባለቤቴ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ተረድቶት ተረጋግተን ቁርስ በላን። ሰውየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሎቢ ቆሞ ነበር። ሃያ ዓመት በፈረንጅ ሰዓት የኖረ ሰው የእኛን አቆጣጠር ረሳ። ደርሰን ስንገባ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ሰልፉ አፍ አውጥቷል፣ ፀሐዩ ይጋረፋል። አንዲት መጫወቻ ተሳፈርን። ከዚያ ከ7 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ልጄ በጣም መሳቅ ጀመረች። ያለ ምክንያት ትስቃለች፣ ትሽከረከራለች። የቆላው ሰው፣ የአንተ ጽሑፍ ትዝ አለኝና ለባለቤቴ «አይስክሬም እንዳትገዛ፣ እንውጣ» አልኩት። ዋርሳዬ «ደስ ብሏት የለ እንዴ?» አለ። እያለ ሳለ መሬት ላይ ተዘረጋች። ጫማዋ እንዲወልቅ ፈለገች፣ ሲወልቅ ደግሞ እንዲደረግ። ጋሪው ውስጥ አስገብተን በነጠላ ጋረድናት። በር ሳንደርስ ተኝታ ነበር። በእጄ ሰዓት ላይ 7 ሰዓት ከ10።

ዋርሳዬ ያን ጊዜ ነው በትክክል ያመነው። የወረቀቱን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አየ። «ማታ 2 ሰዓት ከ10» አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት በጠዋቱ ሠራንባቸው። 12 ሰዓት ላይ ሁላችንም ነቅተናል፣ ማንም ማንንም አልቀሰቀሰም። ባቡሩን አምስት ጊዜ ተሳፈርን። ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር እኛ መጋረጃ ዘግተን ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሞላት መቀስቀስ ግን ከባዱ ነገር ነበር። ነጭ ጋውን፣ አንድ ቀን አሳዘነችኝና ተውኳት፤ እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኛች፣ ሌሊቱን በሙሉ ከፈልኩት። ሁለተኛ አልደገምኩም።

ርችቱን ወንድማማቾቹ ሄዱ። ሁለት ማታ። ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸውን ቀንሰው ሲስቁ ሰማኋቸው። ለመጨረሻው ቀን ማታ «አንድ ጊዜ እንኳ» ተባለና ሚጣን ወሰድናት፤ ዘጠነኛ ቀኗ ስለነበር እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነቅታ ትቆይ ነበር። ጆሮዋን ይዛ ግማሹን አየች። ግማሹን ተኛችው።

መመለሱ እንደተባለው ብሷል። የመጀመሪያውን ማታ እስከ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አልተኛችም፤ ፍሎሪዳ ላይ ምሽት 4 ሰዓት ማለት ነው። የጎረቤታችን ዶሮ ሲጮህ ነው የተኛችው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መቀስቀስ ጀመርኩ፣ በማግስቱ ግን አልቻልኩም፣ እኔም አብሬ ተኝቼ ተገኘሁ። ብርዱ ደግሞ! ከዚያ ሙቀት መጥተን ደብረ ብርሃን በነሐሴ። ሦስት ቀን ጋቢ ውስጥ ሆና ቴሌቪዥን ካላየሁ አለች። አሁን በየቀኑ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ዝናቡ ጋብ ሲል ደጅ አወጣታለሁ፣ በጭቃው ትቡካ።

ነጭ ጋውን (ደብረ ብርሃን)፣ ነሐሴ 6

ደህና ሠርታችኋል። አሁን በስንት ሰዓት ትተኛለች?

እመ ሚጣ (ደብረ ብርሃን)፣ ነሐሴ 6

ትናንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ዛሬ 5 ሰዓት ከሩብ። አሁን ተኝታለች፣ ያልተኛሁት እኔ ነኝ።

ጠባሴ፣ ነሐሴ 7

እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ገልብጬዋለሁ። ለገና ስንሄድ ልዩነቱ 7 ነው 8?

ከመሐል ሜዳ እስከ ቨርጂኒያ፣ ነሐሴ 7

8። እዚህ በክረምታቸው ሰዓታቸውን አንድ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ወረቀትሽን እንደገና ሥሪው። መንታ ከሆኑ ሁለት ሥሪ፣ አንዱን ይቀዱታል።

እመ ሚጣ (ደብረ ብርሃን)፣ ነሐሴ 7

ጠባሴ፣ ጋሪው ቤቴ ተቀምጧል፣ አንድ ጎማው ይንጫጫል እንጂ ደህና ነው። ለሁለተኛው ሌላ ፈልጊ። ቅዳሜ ከሰዓት ነይና ውሰጂው፤ ጠዋት ግን አትምጪ፣ ተኝተን ነው።